በሰሜን ስዊድን በምሽት የሚነዳ ሰው ከኤልይ እንዴት ይጠንቀቅ?

ጥያቄ፦ አዲሷ ሹፌር

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው በሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ ከተማ ነው። ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ጀምሮ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባሉ መንደሮች አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ፤ ተራዬ ማታና ሌሊት ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቅርቡ ነው። ጎረቤቶቼ «ኤልይ እንዳይገጥምሽ» እያሉ ያስፈራሩኛል። ያንን ግዙፍ የዱር አጋዘን በሩቁ ሲግጥ አይቼዋለሁ እንጂ አስፋልት ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። ድንገት ፊቴ ቢቆም ምን ላድርግ? ብገጨውስ የምደውለው ለማን ነው? ጥፋተኛ እባላለሁ?

ባለ ከባድ መኪና

እህቴ፣ ጎረቤቶችሽ አላጋነኑም። የኤልይ እግር በጣም ረጅም ስለሆነ፣ የቤት መኪና ሲገጨው የፊት መከላከያው የሚያገኘው ቅልጥሙን ብቻ ነው። ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው ገላው ግን በኮፈኖው ላይ አልፎ የፊት መስታወቱንና ጣሪያውን ይጨፈልቃል። ሰው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ፍጥነትሽን አስቢ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ትሄጃለሽ። አጭሩ መብራት በግልጽ የሚያሳይሽ ደግሞ 60 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሴኮንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። የእንስሳው ፀጉር ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ከጫካው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ከፊት የሚመጣ መኪና ከሌለ ረጅሙን መብራት አብሪ። የሰሜን ሰዎች መኪናቸው ላይ ተጨማሪ መብራት የሚያስገጥሙት ለጌጥ አይደለም።

ሲመሽና ሲነጋ በጣም ተጠንቀቂ። አንቺ የምትጀምሪበት ወር ደግሞ የባሰ ነው፤ ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ይዞራሉ፣ በዚያው ወር የመጀመሪያው ሰኞ ላይ አደን ስለሚከፈት ውሻና አዳኝ ጫካውን ያውኩታል። በመንገዱ ዳር የሽቦ አጥር ካለ እፎይ አትበይ። አጥሩ የሚያልቅበት ቦታ እንስሳቱ የሚሻገሩበት ስለሆነ እዚያ ፍጥነት ቀንሺ።

ፊትሽ ከቆመ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ርገጪ። መሪውን ማዞር ግድ ከሆነ ከኋላው በኩል ለማለፍ ሞክሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው የሚራመደው። አንዲት እናት ከተሻገረች ደግሞ ጥጃዋ ተከትላ እንደምትመጣ ቁጠሪ።

መካኒኩ

ስለ ፍሬን የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ የዛሬ መኪኖች በድንገት ለመታጠፍ ተዘጋጅተው ነው የሚሠሩት። በ1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ከድንገተኛ እንቅፋት የማምለጥ ፈተና ሲያደርግ የመርሴዲስ ኤ ክላስ ተገልብጣ፣ ፋብሪካው በዚያች መኪና ላይ መንሸራተትን የሚከላከል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ለመግጠም ተገደደ። ፈተናው እስካሁን በኤልይ ስም ነው የሚጠራው። ስለዚህ መሪ ማዞርን አትፍሪ።

ባለ ከባድ መኪና

ወንድሜ፣ ያ ፈተና የሚደረገው ባዶና ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። በረዶ በያዘው ጠባብ መንገድ ላይ ግን በአንድ በኩል ግንድ፣ በሌላ በኩል እንጨት የጫነ መኪና አለ። እኔ የምነዳው ያንን መኪና ነው፤ ከእኔ ጋር ከመጋጨት ኤልዩን ብትገጭ ይሻላታል። አዲስ ሹፌር መሪውን አንዴ ሲያዞር ለመመለስ ይቸገራል። ፍሬን መጀመሪያ!

አዛውንቱ ከሊክሴሌ

ልጄ፣ ስለ ሬንም እወቂ። ሬን የሚባለው አጋዘን በስዊድን የዱር አይደለም፤ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሳሚዎች ንብረት ነው፣ ጆሮው ላይ ያለው ቅርጽ የባለቤቱን ማንነት ይናገራል። በክረምት በመንጋ ወደ እናንተ አካባቢ ይወርዳል፤ በረዶ የተጠረገበት አስፋልት ለመሄድ ስለሚቀለው መንገዱን እንደ ባለርስት ይዞት ይቆማል። ጥሩምባ ብትነፊ ከመንገድ ከመውጣት ይልቅ ፊት ፊትሽ ይሮጣል። ቆመሽ ጠብቂው። በመንገድ ዳር ምሰሶዎች ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ካየሽ ቆሻሻ አይምሰልሽ፤ መንጋ በአቅራቢያ አለ ማለት ነው።

ስለ ድብና ተኩላ የሚያስፈራራሽ ካለ አትስሚው። እኔ በዚህ አገር ስኖር መኪናዬን ያበላሸው ድብ ሳይሆን ሮዩር የምትባለው ሚዳቋ መሳይ ነች።

የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ

ጋሼ ያነሷት ሮዩር በአገሪቱ በየዓመቱ ከሚመዘገበው ከ60 ሺህ በላይ የእንስሳት ግጭት አብዛኛውን ትይዛለች፤ የኤልይ ግጭት ጥቂት ሺህ ነው፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው።

ግጭት ከደረሰ መጀመሪያ የአደጋ መብራት አብሪ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት አቁሚ፣ የተጎዳ ሰው መኖሩን እዪ። ከዚያ 112 ደውዪ። ኤልይ፣ ሮዩር፣ ድብ፣ ተኩላ፣ ሊንክስ (ትልቅ የዱር ድመት)፣ ንስር ወይም ሬን ከገጨሽ ለፖሊስ ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ነው። እንስሳው ምንም ሳይሆን የሄደ ቢመስልሽም ማሳወቅ አለብሽ። ቀበሮና ጥንቸል በግዴታው ውስጥ የሉም። ቦታውን በሚታይ ነገር ምልክት አድርጊበት፤ ፖሊስ የሚልከው አዳኝ ከውሻው ጋር ፍለጋ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የቆሰለውን እንስሳ ለመርዳት አትጠጊው፤ ወደ ጫካም አትከተዪው።

ጥፋተኛ አትባዪም። የሚያስቀጣው ሳያሳውቁ መሄድ ነው። በመኪናው ውስጥ ያሉ ሰዎች ጉዳት በግዴታው የትራፊክ ዋስትና ይሸፈናል። ለመኪናው ብልሽት ግን በአብዛኛው ሙሉ ዋስትና ያስፈልጋል። የራስሽን መኪና ለሥራ የምትጠቀሚ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ውልሽን አንብቢ።

ከጎተቦርግ

ኤልይ ከሞተ ሥጋውን መውሰድ ይቻላል? ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነውና በእኛ ዘንድም ይበላል ብዬ ነው።

የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ

አይቻልም። የገጨው ሰው ባለቤት አይሆንም፤ የዚያ መሬት የአደን መብት የማን እንደሆነ ተጣርቶ ነው የሚሰጠው። ግጭት የቀጠቀጠው ሥጋም ብዙው አይረባም። ደግሞ ባርኮ ያረደው ማን ነው?

አዲሷ ሹፌር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼ፣ ጥቁር ከረጢቶቹን አይቼ ቆሻሻ ነበር የመሰሉኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ በሌሊት ቦታውን በምን ላመልክት?

ባለ ከባድ መኪና

ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሪባን አለ፤ ከፖሊስ ጣቢያ በነጻ ይሰጥሻል። ከሌለሽ ደማቅ የፕላስቲክ ከረጢት ቅርንጫፍ ላይ እሰሪ። ጥቁር እንዳይሆን ብቻ፤ ሹፌሮች ሬን አለ ብለው ያስባሉ። ሪባኑን ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ አታድርጊው፣ ግጭት ክዳኑን ሊያጣብቀው ይችላል፤ የበሩ ኪስ ይሻላል። አንጸባራቂ ሰደርያሽንም ከመቀመጫው ሥር አድርጊና ከመኪናው ከመውረድሽ በፊት ልበሺው።