የማሳዳ አምባ ከበባ፦ ሮማውያን ጥም እስኪያሸንፍላቸው ለምን አልጠበቁም?

የተንታው መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከመቅደላ አምባ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ሮማ መንግሥት ስናነሳ፣ ከሙት ባሕር በስተምዕራብ ስላለው የማሳዳ አምባ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ከወደቀች በኋላ ሲካሪ የሚባሉት ዓመፀኞች ከነቤተሰቦቻቸው በዚያ አምባ ላይ መሽገው እንደቆዩ፣ የይሁዳ አገረ ገዥ የነበረው ፍላቪየስ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ73 ወይም በ74 አሥረኛውን ሌጌዎን ይዞ እንደከበባቸው፣ በምዕራብ በኩልም የአፈር መወጣጫ ገንብቶ ግንቡን እንዳፈረሰ አስረዳኋቸው።

ይህን ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ዙሪያውን አጥረው መውጫ ካሳጧቸው፣ ውሃቸው እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ለምን አልጠበቁም? ያን ሁሉ አፈር መከመር ለምን አስፈለገ?" ስትል ጠየቀችኝ። በእኛ አካባቢ ስለ አምባ ሲወራ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ስለሆነ፣ ጥያቄዋ ከአያቶቿ የወረሰችው ይመስለኛል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተገቢውን መልስ ይዤላት መግባት እፈልጋለሁና የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መንገድ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሙያዬ የመንገድ ግንባታ ስለሆነ ነገሩን በውሃና በአፈር በኩል ባየው ይቅናኛል። ለተማሪዋ በአጭሩ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ በማሳዳ ጥም የሚያሰጋው ከላይ ያሉትን ሳይሆን ከታች የሰፈሩትን ነበር።

አምባውን የመሸገው ታላቁ ሄሮድስ ነው። በሰሜን ምዕራብ ገደል ላይ 12 ትላልቅ የውሃ ማጠራቀሚያዎችን አለቱን አስፈልፍሎ ሠርቷል፤ በክረምቱ ወራት ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍም በቦይ እየተጠለፈ ወደ እነዚህ እንዲገባ አድርጓል። የማጠራቀሚያዎቹ መጠን በድምሩ 40,000 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በአምባው ላይ የነበሩትን ሰዎች ቁጥር 1,000 ብለን ብንይዝና እያንዳንዱ በቀን 20 ሊትር ይጠቀም ብንል፣ ማጠራቀሚያዎቹ ሞልተው ከነበረ ውሃው 2,000 ቀን ማለትም ከአምስት ዓመት በላይ ያደርሳቸዋል። ግማሹ እንኳ ባዶ ቢሆን ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ይበቃል። በመጋዘኖቹ ውስጥም እህል፣ ወይን፣ ዘይትና ቴምር ነበር።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። የሠራዊቱን ቁጥር 8,000 ብለን ብንገምት፣ በዚያ ሐሩር የሚሠራ ሰው በቀን 8 ሊትር ቢያስፈልገው በየዕለቱ 64,000 ሊትር ውሃ መቅረብ አለበት። አንድ አህያ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጫናል ብንል 800 የአህያ ጭነት መሆኑ ነው፤ ይህም የጋማ ከብቱና ሸክም እንዲያመላልሱ የተገደዱት ምርኮኞች የሚጠጡትን ሳይጨምር ነው። በአቅራቢያው ያለው አስተማማኝ ምንጭ ዓይንጋዲ ሲሆን እሱም ወደ ሰሜን ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ሲልቫ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ የሚያልቀው የራሱ ስንቅ ነበር።

ሲልቫ አስቀድሞ ያደረገው ማንም እንዳያመልጥ መከልከል ነው። በአምባው ዙሪያ ስምንት ሰፈሮችን አቋቋመ፤ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ካብም አስገነባ። ካቡም ሰፈሮቹም እስከ ዛሬ ድረስ ከአምባው አናት ቁልቁል ሲታዩ አራት ማዕዘን ቅርጻቸው ሳይጠፋ ይለያሉ፤ በረሃው ደረቅ ስለሆነ የሚያጥባቸው ዝናብ የለም።

መወጣጫውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዜሮ ተነሥቶ የተቆለለ ተራራ አድርጎ በማሰቡ ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ 400 ሜትር ያህል ሲሆን በምዕራብ ግን ወደ 100 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በዚሁ በምዕራብ በኩል ከአምባው ጋር የተያያዘ ነጣ ያለ የተፈጥሮ ሸንተረር አለ። ጂኦሎጂስቶች መርምረው እንዳሳዩት ከመወጣጫው የሚበዛው ክፍል ይኸው ሸንተረር ነው። ሮማውያን በዚያ ላይ አፈርና ድንጋይ ሞሉ፤ ሙሌቱ እንዳይናድም በየመሐሉ ታማሪስክ የሚባል የበረሃ ዛፍና የቴምር እንጨት አጋደሙበት። ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በኋላ የእነዚያ እንጨቶች ጫፍ ከነጩ አፈር ወጣ ብሎ ይታያል። ዛሬ እኛ በገደላማ ቦታ ሙሌት ስንሠራ አፈሩን በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን) እንደምንይዘው፣ እነሱ በእንጨት ይዘውታል። በእኔ አስተያየት የሲልቫ ትልቁ ችሎታ ትክክለኛውን ጎን መርጦ የተፈጥሮን ሥራ መጨረሱ ነው።

ከደላንታ ማዶ (ወገል ጤና)

ከወንድሜ ከመንገድ ሠሪው ገለጻ ላይ፣ መምህሩ ከመቅደላ ጋር ለማነጻጸር የሚረዳቸው ነገር ልጨምር። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ በየገደሉ መንገድ እያስጠረቡ፣ የእኛን ደላንታን አልፈው በሽሎን ተሻግረው ነው የደረሱት። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በዚያ መንገድ ተጎትቶ ወጥቷል፤ ዛሬም አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ እዚያው ተቀምጧል። በመቅደላ ታላቁን የመንገድ ሥራ የሠራው አምባውን የያዘው ወገን ሲሆን፣ በማሳዳ ግን የሠራው ከባቢው ነው።

ጄኔራል ናፒየርም እንደ ሲልቫ ለመቆየት ፋታ አልነበረውም፤ ከኋላው እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ ዙላ የተዘረጋ የስንቅ መስመር ነበረው፤ ክረምቱ ሳይገባና ወንዞቹ ሳይሞሉ መውጣት ነበረበት። ይሁንና እሱ መወጣጫ መገንባት አላስፈለገውም። ዓርብ ስቅለት ዕለት አሮጌ በተባለው ሜዳ የተደረገው ውጊያ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ሰብሮታል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በመድፍ ከተደበደበ በኋላ ወታደሮቹ በኮከት በር በኩል ገቡ። የማሳዳ ሥራ ሳምንታትን ሲጠይቅ ይህኛው በአንድ ከሰዓት በኋላ አልቋል።

ተማሪዎቹ ሁለቱን ፍጻሜዎች ማመሳሰላቸው አይቀርም፤ እኔ ግን አንድ ልዩነት ጎልቶ እንዲነገራቸው እመኛለሁ። አፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻዋ ሰዓት ተከታዮቻቸውን አሰናብተው፣ ሞትን የመረጡት ለራሳቸው ብቻ ነው፤ እቴጌ ጥሩወርቅና ልዑል ዓለማየሁም በሕይወት ተርፈዋል። በማሳዳ፣ ታሪኩ እንደተጻፈው ከሆነ፣ ውሳኔው ሕፃናቱንም ጠቅልሏል። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ የጀግንነት ስም መጥራት ለልጆቹ አይጠቅማቸውም ብዬ አምናለሁ።

የሐይቋ አንባቢ

"ታሪኩ እንደተጻፈው ከሆነ" የሚለውን የደላንታው ወንድሜን ጥንቃቄ ወድጄዋለሁ፤ መምህሩም በዚህ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢሰጡበት እላለሁ። ስለ ከበባው በዝርዝር የጻፈልን ጥንታዊ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፈስ ብቻ ነው፤ እሱም በቦታው አልነበረም።

ዮሴፈስ የሚተርከው እንዲህ ነው። ሮማውያን በመወጣጫው ላይ ብረት የለበሰ የእንጨት ማማ አቁመው፣ ግንብ በሚደረምስ ግንድ ቅጥሩን ሰበሩት። ከውስጥ ያሉት ግን በእንጨትና በአፈር ሁለተኛ ግድግዳ ሠርተው ስለነበር ግንዱ በመታው ቁጥር አፈሩ ይበልጥ እየጠበቀ አስቸገራቸው። በዚህ ጊዜ ሮማውያን እሳት ለቀቁበት፤ ነፋሱ መጀመሪያ እሳቱን ወደ ራሳቸው መልሶት ደንግጠው ነበር፣ በኋላ ግን ዞሮ ግድግዳውን በላው። በዚያች ሌሊት የሲካሪ መሪ አልዓዛር የያኢር ልጅ ተከታዮቹን ለሮማ ባርነት እጅ ከመስጠት ሞትን እንዲመርጡ አሳመናቸው፤ እያንዳንዱ አባት ቤተሰቡን ገደለ፤ ከዚያም በዕጣ የተመረጡ አሥር ሰዎች የቀሩትን ገደሉ። የሞቱት 960 ሲሆኑ፣ በምድር ውስጥ የውሃ መውረጃ የተሸሸጉ ሁለት ሴቶችና አምስት ልጆች ብቻ ተረፉ።

በእስራኤላዊው አርኪዮሎጂስት በይጋኤል ያዲን መሪነት ከ1963 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቁፋሮ የተቃጠሉ ክፍሎች፣ የሮማውያን የወንጭፍ ድንጋዮች፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው አንድ ስም የተጻፈባቸው 11 የሸክላ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል፤ በአንደኛው ላይ "ቤን ያኢር" የሚል ተነቧል። ያዲን የዕጣው ስብርባሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ሲል፣ ሌሎች ሊቃውንት የስንቅ ማደያ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ በማለት ተከራክረውታል። የተገኘው አፅም ደግሞ የ30 ሰው ያህል እንኳ አይሞላም። ከበባው መካሄዱን መሬቱ ራሱ ይመሰክራል፤ የመጨረሻዋን ሌሊት ግን የምናውቀው በዮሴፈስ ቃል ብቻ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የዮሴፈስ የራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ67 በገሊላ የዮታፓታ አዛዥ ሆኖ ሳለ ከተማዋ ስትያዝ ከጓደኞቹ ጋር ዋሻ ውስጥ ተደበቀ፤ እነሱም እጅ ከመስጠት እርስ በርስ ለመገዳደል ወስነው ዕጣ ተጣጣሉ። መጨረሻ ላይ እሱና አንድ ሰው ሲቀሩ ለሮማው የጦር አዛዥ ለቬስፓዥያን እጁን ሰጠ። አልዓዛርን እንዲያ በሚያምር ንግግር ያናገረው ሰው፣ ያንኑ ፈተና ደርሶበት መኖርን የመረጠ ሰው ነው። ንግግሩን ሳነብ ከአልዓዛር ይልቅ የዮሴፈስን ሕሊና የምሰማ ይመስለኛል።

የተንታው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከበባው ሦስት ዓመት ፈጀ የሚል ጽሑፍ አጋጥሞኛል፤ ከውሃው ስሌት ጋር ግን አልገጥም አለኝ።

መንገድ ሠሪው (ኮምቦልቻ)

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ ያን ያህል ሠራዊት በዚያ በረሃ ለሦስት ዓመት ማቆየት አይታሰብም። ከበባው ሁለትና ሦስት ዓመት እንደቆየ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ኖሯል፤ ይሁን እንጂ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካቡንና ሰፈሮቹን በድሮን ፎቶግራፍ ለክተው በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ግንባታው በሁለት ሳምንት ገደማ ሊያልቅ እንደሚችልና ከበባው በጠቅላላው ከጥቂት ሳምንታት እንዳልዘለለ ደምድመዋል። ዮሴፈስ አምባው የወደቀበት ብሎ የጠቀሰው ወርም በጸደይ የሚውል ነው፤ ሲልቫ የሙት ባሕር በጋ ሙቀት ከመክፋቱ በፊት ጨርሷል ማለት ነው። ለተማሪዎችዎ የውሃውን ስሌት በቡድን እንዲሠሩት ይስጧቸው፤ የሰዉንና የሊትሩን ቁጥር ራሳቸው ይቀያይሩት፣ በየትኛው ግምት ከታች ያለው ጦር ቀድሞ እንደሚቸገር ያያሉ።