ሄሊኮፕተሬ ከመሬት ሳይነሳ እንደ እንዝርት ይሾራል

ናቲ ጀሞ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ከዱባይ ያመጣልኝ በሪሞት የሚበር ሄሊኮፕተር አለኝ፣ 450 የሚባለው፣ የላይኛው ሮተር (የሚሽከረከሩት ክንፎች፣ ብሌዶቹ ማለት ነው) ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሳምንት አሪፍ ሲበር ከርሞ የግቢያችን ጽድ ላይ ተላተመ። ብሌዶቹንና የጭራውን ቺንጋ ቀየርኩ። አሁን ጋዝ ስሰጠው እግሩ ከመሬት ሳይላቀቅ አፍንጫው ወደ ግራ እየዞረ ይሾራል። አፍንጫውን የሚያዞረውን የሪሞቱን ስቲክ ወደ ቀኝ ስገፋው ጭራሽ ይብስበታል። በዛ ላይ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?

ቤዛ ፊዚክስ፦
ያንተው ከላይ ሲታይ ሮተሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው የሚዞረው አይደል? ሞተሩ ሮተሩን ወደ ቀኝ ሲያዞር አካሉ ወደ ግራ ይገፋል። የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠህ ከባድ ነገር በኃይል ወደ አንድ ጎን ብታዞር ወንበሩ ወደ ሌላው እንደሚሄደው ማለት ነው። የጭራዋ ትንሽ ሮተር ዋና ሥራዋ ይሄን መመለስ ነው። ስለዚህ ጭራው ላይ ፈልግ።

ብሎን ፈቺ፦
ጋይሮው (ሄሊኮፕተሩ ሲዞር አውቆ ጭራውን የሚያስተካክለው መሣሪያ) ተገልብጧል። ሴቲንግ ውስጥ ግባና ገልብጠው፣ አለቀ።

ጋሽ ክንፉ፦
ኧረ ቆይ፣ አትቸኩሉ። ልጁ ቺንጋ ቀይሬያለሁ ብሏል እኮ። ቺንጋው ከአካሉ ወደ ጭራው ሲሄድ ሩብ ዙር ይጠመዘዛል፣ በተሳሳተ በኩል ከጠመዘዝከው የጭራው ሮተር ወደ ኋላ ይዞራል። ያኔ ጋይሮው አስተካክላለሁ ብሎ የሚያዘው ሁሉ ማባባስ ይሆናል። ጋይሮውን ብትገለብጠው ምናልባት ይበርልህ ይሆናል፣ ግን ብሌዶቹ በቀጭኑ ጠርዛቸው አየሩን እየመቱ ስለሆነ ጭራው ደካማ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ያዋርድሃል።

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል። ዋናውን ሮተር በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረውና የጭራውን ብሌድ ተመልከት። ወፍራሙ ድቡልቡል ጠርዝ ከፊት መምራት አለበት። ካልመራ ቺንጋውን ፍታና በሌላኛው በኩል ጠምዝዘህ መልስ። ከዛ የሞተሩን ሽቦዎች ነቅለህ ባትሪውን ስካ፣ አፍንጫውን በእጅህ ወደ ግራ ዙር አድርገው። የጭራው ሰርቮ (የጭራውን ብሌዶች የሚያዘነብለው ትንሽ ሞተር) ያንኑ ስቲክ ወደ ቀኝ ስትገፋ በሚሄድበት በኩል መሄድ አለበት። በተቃራኒው ከሄደ ያኔ ብሎን ፈቺ ልክ ነው።

ናቲ ጀሞ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን! ቺንጋው ነበር። ቀጭኑ ጠርዝ ነበር የሚመራው። አሁን አይሾርም። ግን ሁለት ነገር ቀርቷል፦ መንቀጥቀጡ አለ፣ ሲነሳ ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ ይንሸራተታል።

ቤዛ ፊዚክስ፦
መንሸራተቱ በሽታ አይደለም። የጭራዋ ሮተር አፍንጫውን ወደ ቀኝ ለመመለስ ጭራውን ወደ ግራ ትገፋለች፣ ስትገፋ መላ አካሉን ይዛው ትሄዳለች። ሄሊኮፕተሩን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ስቲክ ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋ አድርገህ ነው ባለበት የምታቆመው። ትልልቆቹም ቆመው ሲያንዣብቡ ትንሽ ዘንበል የሚሉት ለዚህ ነው።

ሰሚር፦
ይቅርታ ላቋርጥ፣ ጭራው ላይ ሮተር የሌላቸውስ እንዴት ነው የማይሾሩት?

ቤዛ ፊዚክስ፦
ሁለት ትልልቅ ሮተሮች በተቃራኒ ስለሚዞሩ የአንዱን ግፊት የሌላው ያጠፋዋል። የሩሲያ ካሞቮች አንዱን ከሌላው በላይ ያደርጉታል፣ ቺኑክ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። በ2021 ማርስ ላይ የበረችው ትንሿ ሄሊኮፕተር ኢንጀኒዩቲም እንደ ካሞቭ ነች።

ጋሽ ክንፉ፦
ወደ መንቀጥቀጡ። ብሌድ ማለት የሚዞር ክንፍ ነው። ፊቱ ጥቂት ቀና ብሎ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፣ አየሩም እሱን ወደ ላይ። ሄሊኮፕተር ከፍ ሲል ሮተሩ የሚፈጥን የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ፍጥነቱ ያው ነው ማለት ይቻላል፣ የሚለወጠው የብሌዱ ቀናነት ነው። እኔ ደብረ ዘይት ሳለሁ የሠራሁበት ሚ-8 አምስት ብሌድ ነበረው፣ ዲያሜትሩ 21 ሜትር ከምናምን፣ የሚዞረው በደቂቃ 192 ጊዜ ብቻ። ግን ጫፉ በሰዓት ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል! እንዲህ ባለ ፍጥነት አንዱ ብሌድ ከሌላው በጥቂቱ ቀና ካለ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብለው ይሄዳሉ፣ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል።

አንዱ ጫፍ ላይ ቀይ፣ ሌላው ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጥፍ፣ እኩል መጠን ያለው ይሁን፣ ካልሆነ ሚዛኑን ራሱ ናስትሮው ያበላሸዋል። መነጽር አድርግ፣ ራቅ በል፣ ሰው ሪሞቱን ይያዝልህና አንተ ጎንበስ ብለህ ሮተሩን በዓይንህ ልክ እይ። ሁለት መስመር ከታየህ የትኛው ቀለም ከላይ እንደሆነ ለይ። ከዛ አጥፍተህ ከዛ ብሌድ ጋር የተያያዘችውን ማስተካከያ ዘንግ ቀናነቱ በሚቀንስበት በኩል ግማሽ ዙር አዙር። አንድ መስመር እስኪሆኑ ደጋግመው።

ብሎን ፈቺ፦
ጋሼ በርስዎ ተሸንፌያለሁ 😄 ናቲ፣ ብሌዶቹንም መዝናቸው። አዲስ ስለሆኑ እኩል ናቸው እንዳትል። ደግሞ አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ እዛ ዱባይ ከሚነሳበት ትንሽ የበለጠ ቀናነት ይፈልጋል፣ ከባድ ሆነብኝ ብለህ ሞተር እንዳትቀይር።

ናቲ ጀሞ፦
ቀዩ ነበር ከላይ፣ አንድ ጣት ያህል። ሦስት ጊዜ ግማሽ ዙር ፈጀብኝ፣ አሁን አንድ መስመር ነው። ዛሬ ጠዋት አራት ደቂቃ አንዣበበ። እናቴ ጽዱን ልታስከረክም ነው።