የቲቢ ባሲለስ በማክሮፋጅ ተውጦ ለምን አይሞትም?

ጤና መኮንን፦
ሰላም ለቤቱ። ለነርስ ተማሪዎች የሚሆን የቲቢ ትምህርት አንድ ቦታ ላይ ተይዟል። ማስተማሪያዎቹ «ባሲለሱ (የቲቢው ባክቴሪያ) ማክሮፋጅ ውስጥ ይደበቃል» ብለው ያልፋሉ። ተማሪው ደግሞ ማክሮፋጅ (ወራሪን የሚውጥ የመከላከያ ሴል) የባክቴሪያ ወፍጮ ነው ተብሎ ተምሯል፤ «እህል ወፍጮ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ባሲለሱ ከገባ በኋላ በትክክል የሚያቆመው ምኑን ነው? ሁለተኛ፣ ቲ-ሴል (ወራሪን ለይቶ የሚያውቅ የመከላከያ ሴል) ደርሶ፣ የቆዳ ምርመራውም ፖዘቲቭ ሆኖ፣ ሰውነት ለምን አይጨርሰውም? ሦስተኛ፣ እንደ ኢንፍሉዌንዛና እንደ ኤችአይቪ መልኩን ይቀያይራል? የሞለኪውሎቹን ስም አትዝለሉብኝ፣ ተማሪዎቹ ይጠይቃሉ።

ቀዩ ዘንግ፦
ያሳሳተው «መደበቅ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ባሲለስ መዋጥን አይሸሽም፤ ቤቱ እዚያው ነው። ታማሚ ሲያስል ከሚወጣው ጠብታ ትልልቁ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ወይም በብሮንካስ ንፍጥ ተይዞ ይቀራል። ደርቆ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሆነው እስከ አየር ከረጢቱ ይዘልቃል፤ እዚያ የሚቀበለው የከረጢቱ ነዋሪ ማክሮፋጅ ነው። ባሲለሱ ግድግዳው ላይ ሊፖአራቢኖማናን የሚባል የስኳርና የቅባት ሞለኪውል አለው (ከዚህ በኋላ ላም እለዋለሁ፤ የምትታለበዋ አይደለችም)። በእሱ የማክሮፋጁን የማኖስ ተቀባይ ይይዛል። በዚህ በር የገባ ብዙ ጩኸት አያስነሳም።

አሁን ወደ ወፍጮው። የተዋጠ ባክቴሪያ የሚገባበት ከረጢት ፋጎሶም ነው። በደንቡ ሽፋኑ ላይ የፕሮቶን ፓምፖች ይተከላሉ፣ ፒኤቹ ወደ 5 እና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ላይሶሶም (የሴሉ የመፍጫ ኢንዛይም ከረጢት) መጥቶ ይዋሃደውና ኢንዛይሙን ያፈስበታል። ሕያው የቲቢ ባሲለስ የያዘ ፋጎሶም ግን 6.2 እና 6.4 መካከል ይቆማል። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ፒኤች ሎጋሪዝም ስለሆነ ግን በ4.8 እና በ6.3 መካከል ያለው የአሲድ ልዩነት 30 እጥፍ ገደማ ነው።

የሚያቆምበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ፋጎሶሙ «ደርሻለሁ፣ ላይሶሶም ይምጣ» የሚልበት ምልክት ፒአይ3ፒ የተባለ የሽፋን ቅባት ነው። ላም ይህ ቅባት እንዳይሠራ ያግዳል። ሳፕኤም የተባለው ኢንዛይም አምልጦ የተሠራውን ይቆርጠዋል። ፒቲፒኤ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ከፓምፑ ጋር ተጣብቆ ወደ ፋጎሶሙ እንዳይመጣ ያደርጋል፤ ቪፒኤስ33ቢ የተባለውን የውህደት ፕሮቲንም ፎስፌቱን ነቅሎ ሥራ ያስፈታዋል። ፋጎሶሙ ሳይበስል ስለሚቀር ትራንስፌሪን ብረት ተሸክሞ መመላለሱን አያቆምም፤ ባሲለሱም ከዚያ ብረቱን ይዘርፋል። በሙቀት የተገደለ ባሲለስ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ ስለማይችል ተውጦ በቀጥታ ላይሶሶም ውስጥ ይገባል።

ላብ ጠረጴዛ፦
ቀዩ ዘንግ የጻፈው ልክ ነው። ግን ተማሪ «እንግዲያው ላይሶሶሙ ከተዋሃደ ባሲለሱ አለቀለት» ብሎ እንዳይወጣ። አርምስትሮንግና ዳርሲ ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 ሕያው ባሲለስ ውህደቱን እንደሚያግድ አሳዩ። በ1975 ደግሞ ባሲለሱን ፀረ-ሰረም (ፀረ-እንግዳ አካል ያለበት የደም ፈሳሽ) አልብሰው ማክሮፋጅ አስዋጡት። ላይሶሶሙ ተዋሃደ፤ ባሲለሱ ግን አልሞተም።

ስለዚህ ሌላም ጋሻ አለው። ግድግዳው ከ60 እስከ 90 ካርቦን የሚረዝም ማይኮሊክ አሲድ የተነጠፈበት ነው፤ ባሲለሱን በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚቀባው የዚል-ኔልሰን ቀለም በአሲድ አልኮል የማይለቀው በዚሁ ሰም የተነሣ ነው። ማክሮፋጁ የሚረጨውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካትጂ የተባለ ካታሌዝ ይሰብረዋል። ፋርማሲዎች እዚህ ላይ ጆሯቸውን ያቁሙ፦ የቲቢውን መድኃኒት አይሶናያዚድን ወደሚሠራ መልክ የሚለውጠውም ይኸው ካትጂ ነው። መድኃኒቱን ለማምለጥ ካትጂን ጨርሶ የጣለ ባሲለስ ጋሻውንም ጥሏል። ታማሚዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ለውጥ ታዲያ 315ኛው ቦታ ላይ ሴሪን በትሪዮኒን የተተካበት ነው፤ አይሶናያዚድን በደንብ አይለውጥም፣ ፐርኦክሳይዱን ግን አሁንም ይሰብራል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ባሲለሱ ፋጎሶሙን መብሳቱ ነው። ኢኤስኤክስ-1 በተባለ የማስወጫ መሣሪያ ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉ ፕሮቲኖችን ያወጣል። ሽፋኑ ሲበሳ የባሲለሱ ዲኤንኤ ወደ ሴሉ ፈሳሽ ይደርሳል፣ ሲጋስ የተባለው ጠቋሚ ይይዘዋል፣ ማክሮፋጁም ዓይነት 1 ኢንተርፌሮን ያመርታል። ይህ በዋናነት ለቫይረስ የሚጠቅም ደወል ነው። ለቲቢ ሲደወል ባሲለሱን ለመግታት የሚያስፈልገውን ኢንተርሊውኪን-1 የተባለ ሌላ ደወል ያዳክማል፤ ጎርፍ ለገባበት ቤት የእሳት አደጋ መኪና እንደ መጥራት ነው። በመጨረሻ ማክሮፋጁ ፈንድቶ ይሞታል። አፖፕቶሲስ በሚባለው ሥርዓት ያለው አሟሟት ቢሞት ኖሮ ባሲለሱ ከነከረጢቱ በሌላ ማክሮፋጅ ተውጦ የመገደል ዕድሉ ይሰፋ ነበር፤ በኔክሮሲስ ሲፈነዳ ግን ይበተናል።

ካልሜትና ጌራን ሊል ከተማ ውስጥ ከ1908 እስከ 1921 የከብቱን ባሲለስ 230 ጊዜ ያህል እያዛወሩ አሳድገው ያዳከሙት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ያጣው ይህንኑ ነው፤ አርዲ1 የተባለው የኢኤስኤክስ-1 ክፍል የለውም። ኢግራ የደም ምርመራ ኢሳት-6ን እና ሲኤፍፒ-10ን የመረጠው ለዚህ ነው፦ የተከተበ ሰው በክትባቱ ምክንያት ፖዘቲቭ አይሆንም። የቆዳው ቱበርኩሊን የብዙ ፕሮቲን ድብልቅ ስለሆነ አይለይም።

ንፍፊት፦
ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ አብረው ቢመለሱ ይሻላል።

መጀመሪያ መዘግየቱ። አይጥ ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛት ቲ-ሴሉ በሳምንት ገደማ ሳንባዋ ላይ ይደርሳል። በቲቢ ግን ባሲለሱ ደረት ውስጥ ካለው ንፍፊት ደርሶ ቲ-ሴልን እስኪያስነሣ ብቻ ከ8 እስከ 10 ቀን ያልፋል። ሰው ላይ የቆዳ ምርመራው ፖዘቲቭ የሚሆነው ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ባሲለሱ ዘገምተኛ ነው፣ አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሆኖም ማንም ሳይነካው 20 ቀን ካገኘ 24 ጊዜ ይከፈላል፤ በሒሳብ አንዱ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። ማክሮፋጁ የተወሰነውን ስለሚገድል በተግባር ያን ያህል አይሆንም፤ ቢሆንም ቲ-ሴሉ ሲመጣ ቤቱ ተይዞ ይጠብቀዋል።

ከመጣ በኋላም ይሳሳታል። ኤጂ85ቢ የተባለው ፕሮቲን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት ይመረታል። ቲ-ሴሉ ለእሱ ሠልጥኖ ሲደርስ ባሲለሱ ምርቱን ቀንሷል፤ ዒላማውን ያጣል። ለኢሳት-6 የሠለጠነው ደግሞ ዕረፍት በማጣት ይዝላል። የኤጂ85ቢን ዘመድ ኤጂ85ኤን የያዘው ኤምቪኤ85ኤ የተባለ ክትባት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ሲወጣ፣ ቢሲጂ ከሚሰጠው በላይ ጥበቃ አልተገኘበትም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን የክትባት ኢላማ ሲመረጥ «ባሲለሱ ይህን መቼ ያመርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው፦ አይቀያይርም። ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የ21 ባሲለሶች ጂኖም ሲነጻጸር፣ ቲ-ሴል የሚለያቸው ቁርጥራጮች ለሕይወቱ የግድ ከሚያስፈልጉት ጂኖች እንኳ ይበልጥ ሳይለወጡ ቆይተው ተገኙ። (የኛው ሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኘው ሰባተኛው የዘር ሐረግ የተገለጸው በ2013 ስለሆነ እዚያ ውስጥ የለበትም።) ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው ማብራሪያ ባሲለሱ በቲ-ሴል መታወቁ ይጠቅመዋል የሚል ነው። ሳንባን ቦርቡሮ ካቪቲ (ጉድጓድ) ለማውጣት የቲ-ሴል ቁጣ ያስፈልጋል፤ ካቪቲው ወደ ብሮንካስ ሲከፈት ባሲለሱ ከአክታ ጋር ወጥቶ ሌላ ሰው ያገኛል። አተረጓጎሙ ላይ ክርክር አለ። ሲዲ4 (በኤችአይቪ የሚጠቃው ቲ-ሴል) የወረደበት ታማሚ ካቪቲ እምብዛም አለማውጣቱን ሳይ ግን ለእኔ ያሳምነኛል።

ይህ ማለት ቲ-ሴል አይጠቅምም ማለት አይደለም። የሚያመነጨው ኢንተርፌሮን ጋማ ማክሮፋጁን ሲያነቃው ቀዩ ዘንግ የዘረዘረው እገዳ ይሰበራል፣ ፒኤቹም ወደ 5 ይወርዳል። ቲኤንኤፍ የተባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ደግሞ ግራኑሎማውን (ባሲለሱን ከብቦ የሚይዘውን የሴሎች ክምር) አጥብቆ ያቆማል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ተኝቶ የነበረ ቲቢ እንደሚነሣ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘግቧል፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የድብቅ ቲቢ ምርመራ የሚታዘዘው ለዚያ ነው።

ጤና መኮንን፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ሲዲ4 የወረደበት ሰው አክታው በማይክሮስኮፕ ኔጋቲቭ፣ የቆዳ ምርመራውም ኔጋቲቭ ከሆነ በምን ይያዛል?

ላብ ጠረጴዛ፦
የቆዳ ምርመራም ኢግራም የሚለኩት ቲ-ሴልን እንጂ ባሲለሱን አይደለም። ቲ-ሴል ሲያልቅ ሁለቱም ይዋሻሉ። ኤችአይቪ ላለበት ሰው የቆዳው እብጠት 5 ሚሊሜትር ከሆነ ፖዘቲቭ የሚባለው (ለብዙው ሰው 10 ነው) ምላሹ ደካማ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው። ያም ሆኖ 0 ቢሆን እንኳ ንቁ ቲቢ የለም አያሰኝም። ባሲለሱን ራሱን መፈለግ ነው፤ አክታ ከተገኘ በጂን ኤክስፐርት (የባሲለሱን ዲኤንኤ የሚፈልግ ማሽን)።

አክታ ካልወጣው ደግሞ ላም ትጠቅማለች፣ ያቺው ፋጎሶሙን የምታግደው ሞለኪውል። ግራኑሎማ በደንብ ባልተሠራበት ሰው ባሲለሱ በደም ተሠራጭቶ እስከ ኩላሊት ስለሚደርስ ላም በሽንት ይወጣል። 60 ማይክሮሊትር ሽንት የምርመራ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ በ25 ደቂቃ ይነበባል፤ ከ35 ደቂቃ በኋላ የሚታይ መስመር አይቆጠርም። መስመሩን በዓይን ግምት ሳይሆን ከማመሳከሪያ ካርዱ ጋር አስተያይታችሁ አንብቡ፤ ከካርዱ የመጀመሪያ ደረጃ የደበዘዘ ከሆነ ኔጋቲቭ ነው። ሲዲ4 ከፍ ባለ መጠን ምርመራው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ኔጋቲቭ ወጣ ተብሎ ሕመምተኛው ወደ ቤት አይሸኝም።