እናቴን ብቻዬን እያስታመምኩ ነው፤ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

ባለባጃጁ (ሐዋሳ)

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው የምጽፈው።

እናቴ የጡት ካንሰር ታማብኛለች። ከታወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞ ወሰደች፣ ደህና ሆና ሥራዋን ጀምራ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ተመልሶ መጣ። አሁን አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ደረቷ ላይም ቁስል ወጥቷል። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ "ከዚህ በኋላ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት" አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እንዴት እንደምንከባከባት ግን የነገረኝ የለም። የሞርፊን ሽሮፕ ተጻፈልን፣ ይዘን ወጣን።

ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ከመናኸሪያ አሞራ ገደል። ጠዋት ጠዋት አንዲት የጎረቤት ልጅ ታይልኛለች። ከሰዓት ትምህርት ስላላት እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ሠርቼ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት እኔና እናቴ ብቻ ነን። እህቴ ቤሩት ናት። በየወሩ ትልካለች፣ እግዜር ይስጣት፤ እሷ ባትኖር መድኃኒቱንም አንገዛው ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ለበዓል ይመጣል።

ስለ ቁስሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ይሸታል። እጣን አጨሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ አይጠፋም። ጠያቂ በር ሲያንኳኳ እናቴ ጋቢዋን እስከ አገጯ ትስባለች። ሰው መጥቶ አረፍ ይልና ብዙም ሳይቆይ "በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ይማርሽ" ብሎ ይነሳል። ለምን ቶሎ እንደሚነሳ ታውቃለች። ፋሻውን ስቀይርላት ደግሞ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚላቀቀው። ትናንት ማታ ሳነሳው የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ድምፅ አላወጣችም። እኔ ጨርሼ ወጣሁና ባጃጇ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ገላዋን ማጠቡም አለ። እኔ ወንድ ልጇ ነኝ። እሷም ታፍራለች፣ እኔም ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኛል።

እውነቱን አልነገርናትም። ቤተሰቡ ተመካክሮ "እንዳትሰማ፣ ተስፋ ትቆርጣለች" ብሎ ወሰነ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ "ልጄ፣ ሐኪሙ ለብቻህ ጠርቶ ምን አለህ?" አለችኝ። "ይሻላታል አለ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ብቻዋን የተውኳት ይመስለኛል።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው ሦስታችንን ያሳደገችው። ታቦር ግርጌ ያሉ ምግብ ቤቶች ስሟን ያውቃሉ። አሁን ጓዳ ውስጥ የጎረቤት ልጅ ስትጋግር እሷ ከአልጋዋ ሆና ታዳምጣለች። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ብቻ ሰምታ "አልጋለም፣ ቆይ" ትላለች። ልጅቷ ከፍታ ስታይ እውነትም አልጋለም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እናንተ እንዴት ዘለቃችሁት? እናቴ ብታርፍ ድንኳኑን የሚሞላውን ሰው አውቀዋለሁ። እድራችን ትልቅ ነው፣ ሰዉም ደግ ነው። አሁን በሕይወት እያለች፣ ሌሊት ላይ፣ ማንን ነው የምጠራው? ማንንም መውቀሴ አይደለም። እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ ነው ያላወቅኩት።

የሐይቅ ዳሯ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። ባለቤቴን ስትሮክ መቶት አራት ዓመት አስታምሜዋለሁ። ያረፈው በ2014 ነው። የጻፍከውን ሳነብ እነዚያ ሌሊቶች ተመለሱብኝ።

እኔ ጋም ጠያቂ አልጠፋም ነበር። ሁሉም "ምን ላግዝሽ?" ይላል። እኔ "ምንም፣ መምጣታችሁ ይበቃል" እላለሁ። ይሉኝታ ነው። ከዚያ ተነስቼ ቡና አፈላለሁ። ሲሄዱ ሲኒ አጥባለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጠው ያደርኩ ሰው ቀን ደግሞ እንግዳ አስተናግዳለሁ። አንድ ቀን ወገቤ ተያዘና መነሳት አቃተኝ። ጎረቤቴ መጥታ "እትዬ፣ ምን ልሁንሽ?" ስትለኝ እንደ ልማዴ "ምንም" ልል ነበር። አልቻልኩም። "ማክሰኞና ዓርብ ከስምንት እስከ አሥር አጠገቡ ቁጭ በይልኝ፣ እኔ ልተኛ" አልኳት። ፊቷ ሲበራ አየሁት። ለካ ስትመጣ የምትይዘው የምትለቀው ጠፍቷት ነበር። ባለቤቴ እስኪያርፍ ድረስ ማክሰኞና ዓርብ ቀርታ አታውቅም።

ስለዚህ "ምን ላግዝ?" ሲሉህ ቀኑንና ሰዓቱን ንገራቸው። አንዱ መድኃኒት ያምጣ፣ አንዷ አንሶላ ትጠብ፣ አንዱ አንድ ሌሊት ይደር። "ካላስቸገርኳችሁ" እያልክ አትሽኮርመም። ቡናውን እነሱ ያፍሉት። ምግብ በሳህን ሲያመጡ ተቀበል፣ ሳህኑን ባዶ አልመልስም ብለህ ደግሞ አትጨነቅ።

ገላዋን ሴት ትጠባት። ግን ማን እንደምታጥባት እናትህ ትምረጥ። አንተ አትምረጥላት። ከማኅበሯ ወይም ከእድሩ ሴቶች ገመናዬን አትገልጥም የምትላት አትጠፋም። የእድሩን ሴቶች ቤታቸው ሄደህ አነጋግራቸው። እድር ለቀብር ነው ብለህ አትተወው። ደንቡ ላይ ባይጻፍም ሴቶቹ አይጨክኑም።

የንስሐ አባቷንም ጥራ። ጾም ነው ብላ ወተትና እንቁላል እንቢ የምትል ከሆነ እሳቸው ይፈቱላታል። አንተ ብትለምናት አትሰማህም፣ እሳቸውን ትሰማለች። የእኔ ባለቤት እንደዚያ ነበር።

አንተም ደግሞ ሰው ሲመጣልህ ቤት ውስጥ አትንጎዳጎድ። ውጣ። ፍቅር ሐይቅ ሄደህ ውሃውን እያየህ ትንሽ ተቀመጥ።

ሲስተር ነኝ

ወንድሜ፣ አይዞህ። ነርስ ነኝ፣ ካንሰር ሕሙማን ጋ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ኮሪደር ላይ በሁለት ደቂቃ ሊነገርህ የማይገባ ነገር ነው የተነገረህ። እንደ ባለሙያ አዝኛለሁ።

ከቁስሉ ልጀምር። ፋሻውን በደረቁ አትላጠው። ውሃ አፍላ፣ በአንድ ብርጭቆ ቁንጥር ጨው ጨምርበት፣ ለብ ሲል ፋሻው ላይ አፍስስና እስኪርስ ጠብቅ። ራሱ ይለቃል። ፋሻ ከመቀየርህ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ሞርፊኗን ብትወስድ ሕመሙ ይቀልላታል። ሽታው የሚመጣው የሞተው ሥጋ ላይ ከሚራቡ ባክቴሪያዎች ነው። የአንተ ንጽሕና ጉድለት አይደለም፣ የእሷም አይደለም። ለዚህ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ኪኒን ተፈጭቶ የታጠበው ቁስል ላይ ይነሰነሳል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት፣ ርካሽ ዘዴ ነው። የምታያትን ሐኪም ወይም ነርስ ጠይቅና አስጀምሩ፤ በጥቂት ቀን ለውጡን ታየዋለህ። ያልነደደ ከሰል በሳህን አድርገህ አልጋው ሥር ብታስቀምጥም ሽታ ይስባል። እጣን ግን አታብዛ፣ ትንፋሽ ያሳጥርባታል።

የሞርፊኑ ሽሮፕ ሕመሙ ሲነሳ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ነው፣ ሕመሙ ሳይቀድም። ሱስ ይሆንባታል ብለው የሚያስፈሩህ ካሉ አትስማቸው። በታዘዘው ልክ ሲወሰድ ሞትንም አያፋጥንም። የሆድ ድርቀት ግን ያመጣል፣ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝላት። ጠበሏንም አትከልክላት፣ መድኃኒቱንም አታቋርጥባት።

አንድ ነገር አደራ። አጥንት ውስጥ ገብቷል ብለሃል። እግሯ ድንገት ከዛለ ወይም ሽንት እንቢ ካላት አትደር። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዳት፣ አከርካሪዋ ላይ ጫና ሊሆን ይችላል። ስታነሳትም ክንዷን ይዘህ አትጎትት። አንሶላው ላይ አድርጋችሁ ለሁለት አንቀሳቅሷት። በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ቀይርላት፣ ጉልበቷ መሃል ትራስ አድርግ።

እውነቱን ስለ መንገሩ። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ነርስ ነበረች፣ በኋላም ሐኪም ሆነች። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሊድኑ ለማይችሉ ሕሙማን የሚሆን ቤት ከፈተች። ዛሬ ሆስፒስ የሚባለው ሥራ በዓለም የተስፋፋው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያያል። ሳንደርስ "ጠቅላላ ሕመም" የምትለው ነገር ነበራት። ሰው የሚታመመው ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡም፣ ቤተሰቡም፣ መንፈሱም አብሮ ያማል ማለቷ ነው። እናትህ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ያመማት ለሽሮፕ የማይመለሰው ነው።

መርዶ እንደሚነገር ቁጭ አድርገህ አትንገራት። እንደገና ስትጠይቅህ "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" በላት። ከዚያ ዝም በልና ጠብቅ። ማወቅ ካልፈለገች ወሬ ትቀይራለች፣ አንተም ተዋት። ማወቅ ከፈለገች ራሷ ትጀምረዋለች። ውሸት ግን አትጨምርባት።

የአዳማው

እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ሲስተርን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። አባታችን አዳማ ነው ያረፈው፣ በጉበት። አልነገርነውም። እስከ መጨረሻው ቀን የልጅ ልጁን ሰርግ እያቀደ ነበር፣ ደስ ብሎት። ሰው እንደ ሰዉ ነው። እናትህን አንተ ነህ የምታውቃት፣ ቤተሰብ ወሰነ ብለህ ብቻ ግን አትወስን። የባጃጅ ሥራህን ደግሞ ጨርሰህ እንዳታቆም። እኔ አቁሜ ስለነበር ከዚያ በኋላ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

ባለባጃጁ (ሐዋሳ)

ሦስት ሳምንት ሆነኝ ሳልመለስ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ።

የቁስሉ መድኃኒት ተጀመረላት። በአምስተኛው ቀን የጎረቤታችን እናት መጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። እማዬ ጋቢዋን አልሳበችም። ፋሻውን አርሼ ነው የማነሳው፤ አሁን እየቀየርኩላት ወሬ ታወራኛለች።

እትዬ፣ እንዳሉኝ እድሩ ሴቶች ጋ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ሦስቴ ልመለስ አስቤያለሁ። ቀንና ሰዓት ጽፌ ይዤ ስለነበር እሱን አነበብኩላቸው። አንዷ "ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?" ብላ ተቆጣችኝ። እማዬ ሁለት መረጠች። አንዷን ፈጽሞ አልገመትኩም፤ ከዓመታት በፊት በእንጀራ ገበያ የተጣሉ ነበሩ። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ እነሱ ናቸው ያሉት።

የአዳማው ወንድሜ፣ ብዙ አሰብኩበት። አባትህ ሰርግ ነበር የሚያቅደው። የእኔ እናት ግን ጠይቃኛለች። እሷው አነሳችው እንደገና፣ አንድ ሌሊት። እንደ ሲስተር "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" አልኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ "በል ደብተር አምጣ" አለችኝ። አመጣሁ። እንጀራ ወስደው ያልከፈሏትን በየተራ አስጻፈችኝ፣ ስንት እንደሆነም ጭምር። የአንዷን "እሷስ ልጆች አሏት፣ ሰርዘው" አለች። ምጣዱ ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ አለች። መገነዣዋ የተቀመጠበትን ሳጥን አሳየችኝ። እያለቀስኩ ነበር የምጽፈው፣ እሷ አላለቀሰችም። ስንጨርስ "አሁን ብርሃኑን አጥፋ" ብላ ተኛች። እስከ ንጋት አልነቃችም። እንደዚያ ስትተኛ ካየኋት ቆይቻለሁ። ለወንድሜና ለእህቴ በማግሥቱ ደወልኩላቸው። ወንድሜ ተቆጣ። ከዚያ ቅዳሜ ሳይነግረኝ መጣ፤ በዓልም አልነበረም።

ሌላው፣ እንጀራ መጋገር እያስተማረችኝ ነው። ልጅቷ ፈተና ስለደረሰባት እኔ ልሞክር አልኩ። የአልጋዋን ራስጌ ወደ ጓዳው በር አዞርንላት። እርሾ፣ አብሲት፣ ሁሉንም ከዚያ ሆና ነው የምታዘው። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስኩት። የመጀመሪያው ተቃጠለ። ሁለተኛው ዓይን አላወጣም፤ "ቸኮልክ" አለችኝ ገና አክንባሎውን ሳላነሳው። አራተኛውን በሰፌድ አድርጌ ወሰድኩላት። በሁለት እጇ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ዓይኑን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ "ለእህትህ ደውልና አሳያት" አለችኝ። ቤሩት ደወልን፣ እንጀራውን ካሜራው ላይ ያዘችው። እህቴ መናገር አቃታት።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ሴቶቹ መጥተዋል፣ ጓዳ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል። እስከ አራት ሰዓት እተኛለሁ።