ከጎኑ ፈረስ የቆመበት የድሮ የካውቦይ ሰዓት ስንት ያወጣል?

የማርታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቴት ሴል ላይ (የሰው ቤት ዕቃ ተጠቃልሎ ሲሸጥ) አንድ የድሮ፣ የምድጃ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ሰዓት ገዛሁ፣ ከጎኑ ወርቃማ መልክ ያለው ጋማው ነጭ የሆነ ፈረስ ቆሟል፣ ኮርቻው ይወልቃል ልጓሙ ላይ ደሞ ቀጭን ሰንሰለት አለው፣ ሰዓቱ ላይ ማስተርክራፍተርስ ይላል። መልሼ ልሸጠው ነው ግን ፈረሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ዋጋ ያለው አልመሰለኝም፣ ኢቤይ ላይ አንዱ 350 ዶላር ይላል አንዱ 40፣ የቱን ልመን? ገመዱ ተሰነጣጥቋል ገና አልሰካሁትም።

ፈረሰኛው፦
እህቴ ፕላስቲክ ነው ብለሽ እንዳትንቂው፣ ሰው የሚፈልገው እኮ ፈረሱን ነው! ብሬየር የሚባሉት የፈረስ ሞዴል ሰሪዎች ታሪካቸው የሚጀምረው እዚህ ሰዓት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ቺካጎ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ነበሩ፣ ሰዓት ሰሪው ማስተርክራፍተርስ ለሰዓቱ የሚሆን ፈረስ አዘዛቸው፣ ሻጋታው እነሱ ጋ ቀረ፣ ከዚያ ሰዉ ፈረሱን ለብቻው ሲፈልገው ጊዜ በዚያው ቀጠሉበት። ስለዚህ ሰዓት የሚሰበስብም ፈረስ የሚሰበስብም ያይልሻል። ፈረሱ ላይ የአምራቹን ማርክ ብታጪ አትደንግጪ፣ ከመጀመሪያዎቹ ምንም የሌላቸው አሉ። ይልቅ ጆሮውን፣ የእግሩን ጫፍ፣ ሰንሰለቱን፣ ኮርቻውን አንድ በአንድ እዪ፣ ዋጋው የሚወርደው እዚያ ጋ ነው። ፖሊሽ የሚባል ነገር አታስጠጊው፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደሞ በጭራሽ፣ ፕላስቲኩ ሴሉሎስ አሲቴት የሚባለው ዓይነት ነው፣ ማስለቀቂያው ውስጥ ያለው አሴቶን ያሟሟዋል።

ቆጣሪ፦
ስለ ዋጋው እኔ ልጨምር። 350 የሚለው ሰውየው የጠየቀው ነው፣ ሰው የከፈለው አይደለም። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጫኚና ያንቺን የሚመስሉትን፣ በተለይ ኮርቻና ሰንሰለት ያልጎደላቸውን ለይተሽ እዪ፣ የሚሰራና የማይሰራውን ደሞ አትቀላቅዪ። በብዛት የተመረተ ሰዓት ስለሆነ ብዙ ሀብት አትጠብቂ። ፈረሱን ለብቻ ሰዓቱን ለብቻ ልሽጥ እንዳትዪ አደራ፣ አብረው ሲሆኑ ነው ትርጉም ያላቸው፣ የተለያየ ነገር መልሶ የሚያገጣጥም የለም።

የድሮ ዕቃ ጠጋኝ፦
ገመዱ ከተሰነጣጠቀ አትሰኪው፣ እሳት ነው። የሚያውቅ ሰው ይቀይርልሽ፣ አሮጌውን አትጣዪ ከሰዓቱ ጋር ለገዢው ስጪው፣ አንዳንዱ ሰብሳቢ ኦሪጅናሉን ይፈልጋል። ከተሰካ በኋላ እያጓራ የሰዓቱ ቆጣሪ ካልዞረ ተቃጥሏል ብለሽ አትደምድሚ፣ ከነዚህ ውስጥ ራሳቸው የማይነሱ አሉ፣ ከጀርባ ያለችውን ቁልፍ በእጅ ማሽከርከር ነው፣ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ነው። ሌላው ሞተሩ በ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው የሚሄደው፣ 50 ኸርዝ ያለበት አገር ያለ ሰው ቢገዛሽ ቮልቴጁን በትራንስፎርመር ቢያስተካክል እንኳ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይሄንን ማስታወቂያው ላይ ጻፊው፣ በኋላ ይመለስልኝ ከሚል ገዢ ጋር ከመጨቃጨቅ ያድንሻል።

ብርሃኔ፦
እኔም የፈረስ ሰዓት አለኝ ግን የኔ ከባድ ነው፣ ሻጩ ነሐስ ነው ብሎኝ ነበር፣ ማግኔት አይዘውም እና እውነት ይሆን?

የድሮ ዕቃ ጠጋኝ፦
ብርሃኔ ማግኔት ዚንክንም ነሐስንም አይዝም፣ አይለይልህም። ገልብጠህ የማይታይ ቦታ ላይ በትንሹ ጫር አድርገው፣ ከስሩ ግራጫ ከወጣ የዚንክ ቅይጥ ነሐስ መስሎ ተለብጦ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ግራጫ ናቸው። ስትልከው እግሩ ላይ ጠንቀቅ በል፣ ያ ብረት ሲወድቅ አይታጠፍም ይሰበራል።

የማርታ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሁን አየሁት አንድ ጆሮው ጫፉ ትንሽ ተልጧል፣ ቀለም ልቀባው?

ፈረሰኛው፦
አትቀቢው! በቅርብ ፎቶ አንሺና እንዳለ አሳዪው። የተቀባ ሲያዩ ሌላም የደበቀችው አለ ብለው ጥለውት ይሄዳሉ።