ባሽ ፕሮምፕት ላይ ቀለም ስጨምር ረጅም ትዕዛዝ ይደራረብብኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ ላይ ባሽ (ትዕዛዝ የምጽፍበት ሼል) ነው የምጠቀመው። የሥራውንና የሙከራውን ሰርቨር ጎን ለጎን ከፍቼ ስለምውል ፕሮምፕታቸው (ትዕዛዝ ከምጽፍበት ቦታ ፊት የሚታየው ጽሑፍ) በቀለም እንዲለይ እፈልጋለሁ፤ የሥራው ቀይ፣ የሙከራው አረንጓዴ። ደንበኞች በሚጠቀሙበት ማሽን ላይ በስህተት ፋይል ማጥፋት ቀልድ አይደለም።

ባሽአርሲ በሚባለው የባሽ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ የፕሮምፕቱን መልክ የሚወስነውን ፒኤስ1 (PS1) አስተካክዬ ቀለሙ መጣልኝ። የቀለም ኮዶቹ 31 ለቀይ፣ 32 ለአረንጓዴ፣ 0 ወደ መደበኛው ቀለም ለመመለሻ ናቸው። ባሽ የማይታዩትን ኮዶች ከመስመሩ ርዝመት ጋር እንዳይቆጥር ሁሉንም ባክስላሽ ባለው የካሬ ቅንፍ (\[ እና \]) ከብቤያቸዋለሁ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው የመጣው የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ብራንች ስም ስጨምር ነው። ስሙን የሚያወጣ ትንሽ ፈንክሽን ጽፌ ከፒኤስ1 ውስጥ በዶላር ምልክትና በቅንፍ እጠራዋለሁ። ኮሚት ያልተደረገ (ጊት ላይ ያልተመዘገበ) ለውጥ ካለ ስሙን በቢጫ፣ ከሌለ በአረንጓዴ ያወጣል። እዚያም ቀለሙን በዚያው ቅንፍ ስከበው ባክስላሹና ቅንፉ እንዳሉ ስክሪኑ ላይ ተጽፈው ይወጣሉ። ቅንፉን ሳነሳው ደግሞ ረጅም ትዕዛዝ ወደ ታች መውረዱን ትቶ እዚያው መስመር ላይ ይመለስና የጻፍኩትን ይሸፍነዋል። በላይ ቀስት የቀድሞ ትዕዛዝ ስጠራም የማይጠፋ ቁርጥራጭ ፊደል ይቀራል። ጊት በሌለበት ፎልደር ግን ምንም ችግር የለም።

እባካችሁ ወደ ዜድሼል (ሌላ ሼል) ቀይር አትበሉኝ፤ ሰርቨሮቹ ላይ አዲስ ነገር መጫን አልችልም። ከፈንክሽን የሚወጣን ቀለም ባሽ እንዳይቆጥረው ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ወይስ ፒኤስ1ን በፕሮምፕት ኮማንድ (ፕሮምፕቱ ከመታየቱ በፊት ባሽ በሚያስኬደው ትዕዛዝ) በየጊዜው እንደ አዲስ ልገንባው?