የሲዲ ትራኮችን ስገጣጥም መጋጠሚያው ላይ የሚሰማው «ጭቅ» ከየት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሳይቋረጥ የተቀረጸ የመድረክ ኮንሰርት ሲዲ ነው፤ በትራኮቹ መሃል ዝምታ የለም፣ ጭብጨባው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ወደ ሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አስገብቼ አንድ ወጥ ሳደርገው በየመጋጠሚያው «ጭቅ» ይላል።

ሲዲኤ ፋይሎቹን ኮፒ አላደረግሁም፤ እነሱ ድምፅ የሌላቸው የ44 ባይት ጠቋሚዎች ናቸው። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ በሚባለው የሲዲ ማውጫ ሶፍትዌር ወደ ዋቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል) አወጣኋቸው፤ 16 ቢት፣ 44,100 ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ወይም የድምፅ ናሙና)፣ የንባብ ስህተት የለም። ኤምፒ3ን የተውኩት ጫፍ ላይ ባዶ ድምፅ ስለሚጨምር ነው። ፕሮጀክቱ ለቪዲዮ ስለሆነ 48,000 ኸርዝ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲያስገባ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ ይቀይራል።

ስናፕ (ክሊፕን ወደ ቅርቡ መስመር የሚስበው) ጠፍቷል፣ አውቶማቲክ ፌድ (ጫፍ ላይ ድምፅን ቀስ በቀስ የሚያደበዝዘው) ዜሮ ነው፣ ክሊፖቹም ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል። ፕሮጀክቱን 44,100 ላይ ሳደርገው ግን ጭቅታው የለም! ስለዚህ የምጠረጥረው ቅየራውን ነው። ርዝመቱ አይዛነፍም፤ የሲዲ አንድ ሴክተር 588 ሳምፕል ሲሆን በ48,000 ልክ 640 ይወጣል። የቅየራው ማጣሪያ ግን አጎራባች ሳምፕሎችን እያየ ስለሚሰራ፣ ፋይሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጣዩን ድምፅ ስለማያይ ሞገዱን የሚያዛባ ይመስለኛል። ክሮስፌድ (አንዱን ክሊፕ እያደበዘዙ ቀጣዩን በላዩ ማስገባት) እንዳልጠቀም ተደራራቢ ድምፅ የለም፤ 5 ሚሊ ሰከንድ ባደራርብ እንኳ ጭብጨባው ይቆረጣል።

ሲዲውን በሙሉ እንደ አንድ ዋቭ ከነኪው ሺቱ (የትራኮቹን መነሻ ሰዓት ከሚይዘው የጽሑፍ ፋይል ጋር) አውጥቼ አንድ ጊዜ ብቀይረው ይፈታል? ከዚያስ የትራክ መነሻዎቹን ከኪው ሺቱ ወደ ማርከር (ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ የቦታ ምልክት) የምለውጠው እንዴት ነው? በእጅ ማስገባት ካለብኝ፣ ኪው ሺት የመጨረሻውን አሃዝ በሰከንድ 75 ፍሬም ስለሚቆጥር የቪዲዮው የ25 ፍሬም መለኪያ ላይ እንዴት እንደምታስተካክሉት ብትነግሩኝ በጣም ይረዳኛል።